እንግሊዝኛ ጥያቄ ሲያስቸግር አማርኛውን ግስ እዩት

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚያከራይ ወጣት ፈረንጅ ሲያይ “ዩ ዎንት ቦት?” ይላል። ይግባባሉ፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ጉማሬ ታይቶም ይመለሳል። ያው ወጣት ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ግን ያቺው ጥያቄ ታስጥለዋለች። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ጥያቄ ላይ ሲደርስ የሚደናቀፈው ቃል አጥሮት አይደለም። አማርኛ ጥያቄ የሚሠራበትና እንግሊዝኛ የሚሠራበት መንገድ ስለማይገናኝ ነው።

አማርኛ ለመጠየቅ ብሎ የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል አይነካም። “ዓሳ ትበላለህ” የሚለውን ድምፅ ለወጥ አድርጎ “ዓሳ ትበላለህ?” ማለት ይበቃል፤ ካስፈለገም “ወይ” ወይም “እንዴ” ጫፉ ላይ ይለጠፋል። “የት”፣ “ምን”፣ “መቼ” ከግሱ በፊት ቁጭ ይላሉ። ሲዳምኛ ተናጋሪም ቢሆን ግሱን የለመደው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ችግሩ አይቀርለትም። እንግሊዝኛ ግን አንድ ትንሽ ቃል ከባለቤቱ ፊት ካልቆመ ጥያቄው ጥያቄ አይሆንለትም። ያ ቃል ረዳት ግስ ነው፦ “ዱ”፣ “ደዝ”፣ “ዲድ”፣ “አር”፣ “ኢዝ”፣ “ወር”፣ “ሃቭ”፣ “ሃዝ”፣ “ካን”፣ “ዊል” እና መሰሎቻቸው።

ደግነቱ የትኛውን ረዳት መምረጥ እንዳለባችሁ አማርኛው ግስ ራሱ ይናገራል። ይህ መመሪያ የተሠራው በዚያ ላይ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፈነዋል። “ዌር” ስንል “የት” ማለታችን ነው፤ “ነበሩ” የሚለውን “ወር” ብለነዋል። “ዘ”፣ “ዚስ”፣ “ዜር” ላይ ያለው ድምፅ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚባል ነው፤ በፊደላችን ስለሌለ ለጊዜው በ“ዘ” ቤት አሳድረነዋል።

ደረጃ 1፦ ባለቤቱን ከግሱ ውስጥ አውጡት

አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይደብቀዋል። “መጣ?” ሙሉ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ግን “ማን?” ብሎ ይይዛችኋል። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት “እሱ መጣ?” ብላችሁ ሙሉት። “ሂ” ወይም “ሺ” የሚባል ሰው ከሌለስ? “ሩቅ ነው?”፣ “እየዘነበ ነው?”፣ “ውድ ነው?” የሚሉት ላይ እንግሊዝኛ “ኢት”ን ያስገባል፦ “ኢዝ ኢት ፋር?”፣ “ኢዝ ኢት ሬይኒንግ?”፣ “ኢዝ ኢት ኤክስፔንሲቭ?” ከባጃጅ ወንበር እስከ ሆቴል መቀበያ በየቀኑ የሚሰማው “ኢዝ ፋር?” የሚመጣው ይህች ደረጃ ተዘልላ ነው።

ደረጃ 2፦ የግሱን ጅራት አይታችሁ ረዳቱን ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዘጠና በመቶ ሥራው ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

“ነህ፣ ነሽ፣ ነው፣ ናቸው” ካለ “አር” ወይም “ኢዝ” ነው። “ተማሪ ነህ?” “አር ዩ ኤ ስቱደንት?” ይሆናል። “ነበርክ፣ ነበረች” ካለ “ወር” ወይም “ዎዝ”፦ “ትናንት ቤት ነበርክ?” “ወር ዩ አት ሆም የስተርደይ?”

“ትሠራለህ፣ ትወዳለህ፣ ትኖራለህ” ብሎ ልማድን ከጠየቀ “ዱ” ነው፤ ለ“እሱ” እና ለ“እሷ” “ደዝ” ይሆናል። “ዓሳ ትወዳለህ?” “ዱ ዩ ላይክ ፊሽ?” ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ የግስ ቅርጽ በአማርኛ የወደፊቱንም ጊዜ መያዙ ነው። “ነገ ትሠራለህ?” ሲባል ልማድ አይደለምና “አር ዩ ወርኪንግ ቱሞሮው?” ይባላል። ግሱ አጠገብ “ነገ”፣ “ዛሬ ማታ”፣ “በሚቀጥለው ሳምንት” ካለ “ዱ”ን አታንሱ። “ልትሄድ ነው?” የሚለውም “አር ዩ ጎይንግ ቱ ሊቭ?” ነው።

“ሠራህ፣ መጣህ፣ ገዛህ” ካለ “ዲድ” ነው። “እየ…ነው” ካለ ደግሞ “አር” ወይም “ኢዝ” ሆኖ ግሱ ላይ “ኢንግ” ይጨመራል፦ “እየጠበቅህ ነው?” “አር ዩ ዌይቲንግ?”

“በልተሃል፣ ደርሷል፣ ጨርሳችኋል” የሚለው ቅርጽ “ሃቭ” ወይም “ሃዝ”ን ይጠራል። “ምሳ በልተሃል?” “ሃቭ ዩ ሃድ ላንች?”፤ “አውቶቡሱ ደርሷል?” “ሃዝ ዘ ባስ አራይቭድ?” ብዙ ሰው የሚፈራው ይህ የእንግሊዝኛ ጊዜ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሞላ ጎደል የተዘጋጀ ነው፤ “በላህ?” እና “በልተሃል?” የሚለውን ልዩነት በጆሯችን ስለምናውቀው። አንድ ቦታ ግን መንገዱ ይለያያል። “ትናንት መጥቷል?” በአማርኛ ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን “የስተርደይ” ካለ “ሃዝ” አይቀመጥም፣ “ዲድ ሂ ካም የስተርደይ?” መባል አለበት።

“ሐዋሳ መጥተህ ታውቃለህ?” የሚለውን ለየት አድርጋችሁ ያዙት። “ታውቃለህ” ስላለ “ዱ ዩ ኖው” ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው። እዚህ “ታውቃለህ” ስለ እውቀት አይጠይቅም፤ ገጥሞህ ያውቃል ወይ ማለት ነው። እንግሊዝኛው “ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐዋሳ?” ይላል።

“ትችላለህ” “ካን” ነው። “ልግባ?” “ሜይ አይ ካም ኢን?”፤ “ላግዝህ?” “ካን አይ ሄልፕ ዩ?”፤ “እንሂድ?” “ሻል ዊ ጎ?” ይሆናሉ። በ“ል” ወይም በ“እን” ጀምሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ግስ ስትሰሙ “ዱ” ከአእምሯችሁ ይውጣ።

ጅራቱ የሚያታልልባቸው ሁለት ቦታዎች

አንደኛው የሰውነት ስሜት ነው። “ርቦሃል?”፣ “ደክሞሃል?”፣ “በርዶሃል?”፣ “ታመሃል?” በአማርኛ ግስ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን “ሃንግሪ”፣ “ታያርድ”፣ “ኮልድ”፣ “ሲክ” ቅጽሎች ናቸው፤ ቅጽል ደግሞ ከ“አር” እና ከ“ኢዝ” ጋር እንጂ ከ“ዱ” ጋር አይሄድም። “ዱ ዩ ሃንግሪ?” የሚለው ስህተት ምንጩ ይኸው ነው፤ ሰውዬው አማርኛው ግስ ስለሆነ እንግሊዝኛውም ግስ መስሎታል። ትክክሉ “አር ዩ ሃንግሪ?” ነው። “አግብተሃል?” “አር ዩ ማሪድ?”፣ “ባንኩ ተዘግቷል?” “ኢዝ ዘ ባንክ ክሎዝድ?” የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተጠየቀው ድርጊቱ ሳይሆን አሁን ያለው ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው “አለ” ነው። ሦስት ፊት አለው። “ሙቅ ውሃ አለ?” ሲባል መኖሩ ነው የሚጠየቀው፦ “ኢዝ ዜር ሆት ወተር?” “ላፕቶፕ አለህ?” ሲባል ባለቤትነት ነው፦ “ዱ ዩ ሃቭ ኤ ላፕቶፕ?” “ሥራ አስኪያጁ አለ?” ሲባል ደግሞ ሰውየው ቢሮው ውስጥ መገኘቱ ነው፦ “ኢዝ ዘ ማኔጀር ኢን?” ካፌ ገብቶ “ሃቭ ዋይፋይ?” ያለ ሰው ሁለት ነገር ጎድሎታል፤ ባለቤቱ የለም፣ ረዳቱ የለም። “ዱ ዩ ሃቭ ዋይፋይ?” ወይም “ኢዝ ዜር ዋይፋይ ሂር?” ቢል ሁለቱም ያስኬዱታል።

ደረጃ 3፦ ግሱን ራቁቱን አስቀምጡት

ቅደም ተከተሉ ረዳት፣ ባለቤት፣ ግስ ነው። “ዱ”፣ “ደዝ” ወይም “ዲድ” ከተጠቀማችሁ ግሱ ምንም ሳይለብስ በመሠረታዊ ቅርጹ ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ “ዲድ ዩ ዌንት?”፣ “ደዝ ሺ ላይክስ?”

“ሺ ላይክስ ፊሽ” የሚለውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሴትዮዋን የሚያመለክተው “ላይክ” ጫፍ ላይ ያለው “ስ” ነው። ጥያቄ ሲሆን “ዱ” ይመጣና ያን “ስ” ከግሱ ነቅሎ ራሱ ይወስደዋል፤ “ደዝ” ሆነ ማለት ነው። ግሱ “ላይክ” ሆኖ ቀረ፦ “ደዝ ሺ ላይክ ፊሽ?” ዕቃው አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ ሊቀመጥ አይችልም። “ሂ ዌንት” ላይም እንደዚያው ነው፤ ያለፈውን ጊዜ “ዲድ” ተሸክሞታልና “ዌንት” ወደ “ጎ” ይመለሳል፦ “ዲድ ሂ ጎ?”

ይህ የ“ዱ” ነገር ለእንግሊዞቹም ከጥንት የነበረ አይደለም። በ1600 ገደማ ግሱን ራሱን ወደ ፊት አውጥቶ “ኖው ዩ ዘ ዌይ?” ብሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። ዛሬ ግን አይቻልም። በሌላ በኩል ፈረንጆቹ እርስ በርስ “ዩ ሃንግሪ?” ሲባባሉ ትሰሙ ይሆናል። እነሱ ረዳቱን የሚጥሉት እያወቁት ነው፤ ለጓደኛ ይሆናል፣ ለቃለ መጠይቅና ለጽሑፍ አይሆንም። ለጆሯችሁም እንዲጠቅማችሁ፦ በፍጥነት ሲነገር “ዲድ ዩ” ተጨፍልቆ “ዲጁ” ይሆናል። ስለዚህ አልሰማችሁትም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ መጠይቁን ከፊት አስቀምጡ

“የት”፣ “መቼ”፣ “ለምን” ካለ ከረዳቱም ቀድሞ ይገባል። “የት ትኖራለህ?” “ዌር ዱ ዩ ሊቭ?” ነው። “ዌር ዩ ሊቭ?” የሚለው ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ጥያቄ ነው፤ መጠይቁ ወጣ፣ ረዳቱ ቀረ።

እነዚህ ቀላል ናቸው። የሚያስቸግሩት አማርኛና እንግሊዝኛ ድርሻቸውን የተለያየ አድርገው የቆረሱባቸው ናቸው።

“ስምህ ማን ነው?” ውስጥ “ማን” ስላለ ተሳስቶ “ሁ ኢዝ ዩር ኔም?” የሚል አለ። ለእንግሊዝኛ ስም ዕቃ እንጂ ሰው አይደለም፤ “ዋት ኢዝ ዩር ኔም?”

“ስንት” ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል። ዋጋ ሲሆን “ሃው ማች ኢዝ ኢት?”፤ የሚቆጠር ሲሆን “ሃው ሜኒ”። ከ“ሃው ሜኒ” በኋላ ስሙ የግድ ብዙ ቁጥር ይሆናል፤ “ስንት ልጅ” ብለን በነጠላ ስለለመድን “ሃው ሜኒ ቻይልድ” እንላለን፣ “ሃው ሜኒ ቺልድረን” መሆን ሲገባው። ዕድሜ “ሃው ኦልድ አር ዩ?”፣ ቆይታ “ሃው ሎንግ አር ዩ ስቴይንግ?”፣ ርቀት “ሃው ፋር ኢዝ ሐዋሳ ፍሮም አዲስ አበባ?” ነው። መልሱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አስጎብኚ ሁሉ ያውቃል፤ ጥያቄው ነው የሚከብደው። ሰዓት ሲሆን “ዋት ታይም” ነው፦ “ፈረቃው ስንት ሰዓት ይጀምራል?” “ዋት ታይም ደዝ ዘ ሺፍት ስታርት?” ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከውጭ አገር ሱፐርቫይዘር ጋር የምትሠሩ ከሆነ መልሱ ላይ 6 ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ አትርሱ። “ሰቨን” ያላችሁ ሰው የኛን 1 ሰዓት ማለቱ ነው።

“ስንተኛ” ለእንግሊዝኛ ባዶ ቦታ ነው፤ አቻ ቃል የለውም። “ስንተኛ ፎቅ ነው?” ከሆነ “ዊች ፍሎር ኢዝ ኢት ኦን?” ብላችሁ እለፉ። “ሐዋሳ ስትመጣ ለስንተኛ ጊዜህ ነው?” የሚለውን ቃል በቃል ለመተርጎም አትድከሙ፤ “ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ሐዋሳ?” በቂ ነው።

መጠይቁ ላይ “ከ”፣ “ለ”፣ “ስለ” ሲለጠፍ አማርኛው ከመጠይቁ ጋር ይዞት ይሄዳል፤ እንግሊዝኛው ጫፍ ላይ ይጥለዋል። “ከየት ነህ?” “ዌር አር ዩ ፍሮም?”፤ “ከማን ጋር መጣህ?” “ሁ ዲድ ዩ ካም ዊዝ?” ይሆናል። “ፍሮም ዌር አር ዩ?” ያለ ሰው ወዲያው የውጭ ሰው መሆኑ ይለያል።

አሁን ወደ “ማን” እንምጣ። “ማን ጠራህ?” እና “ማንን ጠራህ?” በአንዲት “ን” ይለያያሉ። በመጀመሪያው የጠራው ሌላ ሰው ነው፤ በሁለተኛው የጠራኸው አንተ ነህ። እንግሊዝኛ “ን” የለውም፤ ልዩነቱን የሚያሳየው በረዳቱ ነው፦ “ሁ ኮልድ ዩ?” የመጀመሪያው፣ “ሁ ዲድ ዩ ኮል?” ሁለተኛው። ስለዚህ “ን” ካለ ረዳት አምጡ፤ “ማን” ባዶውን ከሆነ ግሱን እንደነበረ ተዉት፦ “ማን መጣ?” “ሁ ኬም?” እንጂ “ሁ ዲድ ካም?” አይደለም። “ምን” ብዙውን ጊዜ “ን” ስለማይወስድ ባለቤቱን ጠይቁ። “ምን ሆነ?” ሲባል የሆነው ራሱ “ምን” ነው፤ “ዋት ሃፕንድ?” “ምን ገዛህ?” ሲባል የገዛው “አንተ” ነው፤ “ዋት ዲድ ዩ ባይ?”

ደረጃ 5፦ አክብሮቱን ከጥያቄው ቅርጽ ውስጥ አስገቡ

እንግሊዝኛ “አንተ” እና “እርስዎ”ን ስለማይለይ አክብሮት የሌለው ይመስላል። አለው፤ ቦታው ሌላ ነው። አስተናጋጅ “ምን ልታዘዝ?” ሲል ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህን “ዋት ዱ ዩ ዎንት?” ብሎ የተረጎመው እንደሆነ “ምን ፈለግህ አንተ?” ያለ ያህል ይሰማል። ሰዋስው አልተሳሳተም፤ እንግዳው ግን ፊቱን ያጠቁራል። “ዋት ዉድ ዩ ላይክ?” ወይም “ካን አይ ጌት ዩ ሰምቲንግ ቱ ድሪንክ?” ይበሉ። አንድ ነገር እንዲደረግላችሁ ስትጠይቁም በ“ኩድ ዩ” ጀምሩ፦ “ኩድ ዩ ዌይት ኤ ሞመንት፣ ፕሊዝ?” በነገራችን ላይ ገና እንደተዋወቁ “አግብተሻል? ስንት ልጅ አለሽ?” ማለት እኛ ዘንድ የፍቅር ነው፤ ብዙ ፈረንጅ ዘንድ ግን እንዳይደለ ልብ ይሏል።

ጥያቄን በሌላ ጥያቄ ጠቅልሎ ማቅረብም ትሕትና ነው፤ ወጥመድ ግን አለው። “ባንኩ የት እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?” “ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?” ነው፤ “ዌር ኢዝ ዘ ባንክ” አይደለም። ምልክቱ አማርኛው ውስጥ አለ፦ “እንደሆነ”፣ “እንደሚመጣ”፣ “እንደሄደ” የሚል “እንደ” ካያችሁ የውስጠኛው ክፍል ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። ረዳቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ “ደዝ” ይጠፋና “ስ” ግሱ ላይ ተመልሳ ትቀመጣለች፦ “ሱቁ መቼ እንደሚከፈት ታውቃለህ?” “ዱ ዩ ኖው ዌን ዘ ሾፕ ኦፕንስ?” “አዎ” ወይም “አይ” የሚያስመልስ ከሆነ መሃል ላይ “ኢፍ” ይገባል፦ “ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዘ ባንክ ኢዝ ኦፕን?”

ደረጃ 6፦ በአሉታ ስትጠየቁ

“አልበላህም?” ስንባል “አዎ፣ አልበላሁም” እንላለን፤ “አዎ” ማለት ልክ ብለሃል ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ጠያቂውን ሳይሆን ድርጊቱን ነው። ካልበላችሁ “ኖ፣ አይ ዲድንት”፤ ከበላችሁ “የስ፣ አይ ዲድ” ነው። “ዲድንት ዩ ኢት?” ሲባሉ “የስ” ብለው የተራቡ ጥቂት አይደሉም፤ ሰሃኑ ተነሥቶ ሄዷላ።

“አይደል?” የምትለዋ አማርኛ ለሁሉም ትሆናለች። በእንግሊዝኛ ግን በየረዳቱ ትቀያየራለች፦ “ዩ አር ፍሮም ሐዋሳ፣ አረንት ዩ?”፣ “ሺ ላይክስ ፊሽ፣ ደዝንት ሺ?” እስክትለምዱት “ራይት?” ብላችሁ መጨረስ ያዋጣል። “ኢዝ ኢት?”ን ሁሉ ቦታ መለጠፍ ግን አያዋጣም።

ልምምዱ

ሥራችሁ ላይ በእውነት የምትጠይቋቸውን 10 ጥያቄዎች በአማርኛ ጻፉ፤ ለዓሳ ሻጭ የአሞራ ገደል ዓሳ ገበያውን፣ ለእንግዳ ተቀባይ የክፍሉን፣ ለተማሪ የክፍል ውስጡን። እያንዳንዱ ላይ የግሱን ጅራት ክበቡበት፤ ረዳቱን ከክቡ በላይ ጻፉ፤ ከዚያ ነው እንግሊዝኛው። ቀጥሎ አንዱን ግስ ብቻ ይዛችሁ በጅራቶቹ ሁሉ አሽከርክሩት፦ ትጠብቃለህ፣ ጠበቅህ፣ እየጠበቅህ ነው፣ ጠብቀሃል፣ መጠበቅ ትችላለህ፣ ልጠብቅ። በቀን አንድ ግስ ይበቃል፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ ጮክ ተብሎ ካልተነገረ ግን ከወረቀቱ አይወርድም።

አሁን እጃችሁን ፈትሹ። መልሱን ሸፍናችሁ ሞክሩ።

“ጠምቶሃል?” – “አር ዩ ተርስቲ?”
“የዓሳ ሾርባ አለ?” – “ኢዝ ዜር ፊሽ ሱፕ?”
“በጀልባ ሄደሽ ታውቂያለሽ?” – “ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ኦን ኤ ቦት?”
“ማን ከፈለ?” – “ሁ ፔይድ?”
“ለማን ከፈልክ?” – “ሁ ዲድ ዩ ፔይ?” “ፔይ” ሰውን በቀጥታ ስለሚወስድ “ቱ” አልመጣም።
“መቼ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ?” – “ዱ ዩ ኖው ዌን ሂ ኢዝ ካሚንግ ባክ?” እዚህ ላይ “ዌን ኢዝ ሂ” ያላችሁ ደረጃ 5ን ድገሙ።